በስልኩ ሽቦ ላይ የጠፋው ርክርክ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10 ቀን፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሰባት ደቂቃ ላይ የቤታችን ኢንተርኔት ተቋረጠ። አባቴ በላፕቶፔ ላይ የሚያዜመውን ተማሪያቸውን ሊያርሙ ጣታቸውን አንስተው ነበር። ጣታቸው እንደተነሳ ቀረ።

"ሄደ እንዴ?" አሉኝ።

"ሄደ፣ አባ።"

"ሳላርመው?"

ሰዓቱን ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ጻፍሁት። ሥራዬ ዜና መዘገብ ነው፤ ከሃያ ዓመት በላይ የጎንደርንና የአካባቢዋን ወሬ ሳጣራ ኖሬያለሁ። ማንኛውም ነገር ሲፈጠር መጀመሪያ ሰዓቱን እጽፋለሁ። ሞደሙ መስኮቱ ሥር ባለው ጠረጴዛ ላይ ነበር። የስልክ መስመሩን የምታሳየው ትንሿ መብራት ትርገበገባለች። በአራት ሰዓት ከሃያ ሁለት ተመልሳ ረጋች። ተማሪው ግን በዚያ ጊዜ ከተቀመጠበት ኢንተርኔት ቤት ወጥቶ ሄዷል።

አባቴ የድጓ መምህር ናቸው። ድጓ የቤተ ክርስቲያን የዓመቱ ዜማ የተሰበሰበበት ትልቅ መጽሐፍ ነው። ተማሪው መጽሐፉን ዘርግቶ ከመምህሩ ፊት ያዜማል፤ መምህሩ እያዳመጠ ያርማል። በቃላቱ ራስ ላይ ትንንሽ ምልክቶች አሉ። ድምፁ የት እንደሚወድቅ፣ የት እንደሚያዝ፣ የት እንደሚንቀጠቀጥ የሚያዝዙት እነሱ ናቸው። የአባቴ ጉልበት ከደከመ ወዲህ ጉባኤያቸው ተበትኖ የቀራቸው አንድ ተማሪ ብቻ ነው። እሱም ሚስት አግብቶ፣ ልጆች ወልዶ፣ ከደባርቅ ወዲያ ባለ የደጋ ደብር በዲቁና ያገለግላል። የሄደው የመጨረሻው ክፍል፣ ክፍለ ፋሲካ፣ ሳያልቅ ነው። የደብሩ ሰዎች የዜማ ጉባኤ ሊያስዘረጉት ፈልገው፣ "መምህርህ ጨርሷል ይበሉልን፣ ከልደት በኋላ ታስተምርልናለህ" ብለውታል። አባቴ ደግሞ በጆሯቸው ያልሰሙትን ጨርሷል አይሉም። እሱ ደብሩን ትቶ መቀመጥ አይችልም፤ እሳቸው ወደ ደጋ መውጣት አይችሉም።

በሞባይል ሞክረን ነበር። አንድ ቀን ይሠራል፣ ሦስት ቀን ይጠፋል። ሳሎናችን ውስጥ ግን ዳንቴል ለብሶ የተቀመጠ የቤት ስልክ አለ። በጥቅምት መጨረሻ ዳንቴሉን ለማጠብ ሳነሳ ሽቦውን አየሁትና ቆም አልሁ። በማግስቱ ስልክ መሥሪያ ቤት ሄጄ ጠየቅሁ። መስመሩ ደህና ነው፣ ኢንተርኔት ይሸከማል፣ ሞደሙን ብቻ ገዝተሽ ነይ አሉኝ። ከዚያ እስከ ፒያሳ በእግሬ ሄድሁ። ባጃጅ ቆሜ ለመጠበቅ ትዕግሥት አልነበረኝም።

ሱቁ ጠባብ ነው፤ ከጣሪያው ላይ የተንጠለጠለው ገመድ ራስ ይነካል።

"ለቤት ኢንተርኔት የሚሆን ዕቃ ፈልጌ ነበር" አልሁት ሻጩን።

"ደህና ነው የምትፈልጊው፣ የምር ደህና?"

"የምር ደህና።"

ስድስት አንቴና ያቆመ ጥቁር ዕቃ አወረደልኝ። እንደ ልማዴ ደብተሬን አውጥቼ ጠየቅሁት። ስንት ክፍል ያዳርሳል? ስንት ሰው ባንዴ ይጠቀምበታል? መብራት ሲጠፋ በባትሪ ይሠራል? አሥራ አንድ ጥያቄ ጠይቄ አሥራ አንድ መልስ ጻፍሁ። የስልክ ሽቦ የሚገባበት ቀዳዳ አለው ወይ ብዬ ግን አልጠየቅሁም።

ቤት ወስጄ ስከፍተው አባቴ መነጽራቸውን አስተካክለው አዩት።

"ቀንዱ በዛ" አሉ።

የስልኩን ሽቦ በየቀዳዳው ሞከርሁት። ከሁሉም ያንሳል፤ ሲገባ ይዋልላል። ገፋሁት፣ አዞርሁት፣ የእጄን ባትሪ አብርቼ ውስጡን አየሁ። አባቴ ሽቦውን ከእጄ ወሰዱና፣ "ልጄ፣ ቀንበሩ የሌላ በሬ ነው፤ መልሽው" አሉኝ።

መለስሁት። ሻጩ ሲያየኝ ደነገጠ።

"ምነው፣ ተበላሸ?"

"የስልክ ሽቦ አይገባበትም።"

"የስልክ? የመዳቡ መስመር ነው ያለሽ? ይኼ እኮ ለፋይበር፣ ለአዲሱ መስመር ነው! ምነው ቀድመሽ ብትነግሪኝ?"

"ምነው ቀድመህ ብትጠይቀኝ?"

ሳቀ። ጎንበስ ብሎ ከጠረጴዛው ሥር ሦስት ካርቶን አወጣና አቧራውን በክንዱ ጠረገ። "እነዚህን የሚጠይቅ ሰው ካየሁ ቆይቻለሁ" አለ። ከዚያ በኋላ ያለው አንድ ሰዓት በዓመቱ ውስጥ ከሰማኋቸው መግለጫዎች ሁሉ ደስ ያለኝ ነው። ጀርባቸውን አዙሮ የስልክ ሽቦ የሚገባበትን ትንሽ ቀዳዳ አሳየኝ። አንደኛው ሞደም አሮጌ ነው፤ የሚችለው ፍጥነት ትንሽ ነው። ሁለተኛው ሸጋ ነበር፤ ሆዱ ላይ ያለውን ጽሑፍ ሳነብ ግን አሥራ ሁለት ቮልት ይላል፣ አብሮት የመጣው ቻርጀር ጀርባ ላይ ዘጠኝ።

"እነዚህ ሁለቱ አንድ ቤት አልተወለዱም" አልሁት።

ተቀብሎኝ ወደ ብርሃኑ ወጣና አነበበው። "እውነትሽን ነው። ሰው አቀያይሮታል።" ከዚያ ቀና ብሎ፣ "አንቺ ጋዜጠኛ ነሽ ወይስ መርማሪ ፖሊስ?" አለኝ።

ሦስተኛውን መረጥሁ። ሁለት አንቴና፣ አንድ የስልክ ቀዳዳ፣ ከራሱ ቻርጀር ጋር። ከላዩ ላይ ጣት የምታህል ነጭ ዕቃ ጨመረልኝ። ስፕሊተር ትባላለች። በአንዱ ሽቦ ላይ ሁለት ነገር ነው የሚመጣው፣ ንግግሩና ኢንተርኔቱ፤ እሷ መሐል ገብታ የስልኩን ለስልኩ፣ የሞደሙን ለሞደሙ ትሰጣለች።

"ቤት ውስጥ ስንት ስልክ አለ?" አለኝ። "ለያንዳንዱ አንድ ያስፈልገዋል።"

"አንድ" አልሁት።

የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ ላይ፣ የመስመሩ መብራት መጀመሪያ ተርገበገበች፣ ከዚያ ፈጠነች፣ ከዚያ ረጋች። አባቴን ጠራኋቸው። ሁለታችንም ጎን ለጎን ቆመን አንዲት የምስር ፍሬ የምታህል አረንጓዴ ብርሃን አየን። በሥራዬ ብዙ ምረቃ ዘግቤያለሁ፤ የዚህን ሰዓት ግን ሁለት ጊዜ ጻፍሁት።

በማግስቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ተማሪው ከሚያገለግልበት ደብር ወደ ደባርቅ ከተማ ወርዶ ከአንድ ኢንተርኔት ቤት ደወለ። ፊቱ ላፕቶፔ ላይ መጣ። አባቴን ሲያይ ብድግ አለና ከስክሪኑ ጠፋ። የሚታየን ባዶ ወንበር ብቻ ሆነ።

"የት ገባ?" አሉ አባቴ።

"እየሰገደ ነው፣ አባ።"

"በይ ንገሪው ይነሳ። ብዙ ይቀረናል።"

ያን ቀን ሁለት ገጽ ሄዱ። በሁለተኛው ቀን ችግሩ ጀመረ። አባቴ እጃቸውን ያነሳሉ፦ "ርክርኩን ዋጥኸው። ድገም።" ርክርክ ድምፁ እየተንቀጠቀጠ ቶሎ ቶሎ እንዲወርድ የሚያዝዘው ምልክት ነው። ተማሪው፣ "ይቅር ይበሉኝ፣ የኔታ" ብሎ ይደግማል። "አሁንም ዋጥኸው።" "ይቅር ይበሉኝ፣ የኔታ።" አንዱን መስመር ዘጠኝ ጊዜ ያስደገሙት ቀን አለ። እንዲህ እየሆነ ሁለት ሳምንት አለፈ። በዚህ ላይ ከአራት ሰዓት በኋላ መስመሩ ጨርሶ ይቋረጣል።

ማክሰኞ፣ ያ ጣት ተነስቶ በቀረበት ቀን፣ ከሰዓት በኋላ ተማሪው በሞባይሌ ደወለልኝ።

"እትዬ፣ ድምፄ ከድቶኛል መሰለኝ" አለ። "የኔታን በከንቱ አላድክማቸውም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የደብሩ ሰዎች ስብሰባ አላቸው። ሌላ መምህር ፈልጉ ልላቸው ነው።"

"ቆይ። ርክርኩን ስታዜመው ለራስህ አይሰማህም?"

"የኔታ የለም ካሉ የለም" አለኝ።

ስልኩን ዘግቼ ወደ አባቴ ሄድሁ። መጽሐፉን ዘርግተው ያን መስመር በጣታቸው እየተከተሉት ነበር።

"ይህ ልጅ ርክርክ ያውቅ ነበር" አሉኝ። "እኔ ነኝ ያስተማርሁት። ወይ እሱ ረስቷል፣ ወይ እኔ መስማት ትቻለሁ።"

ሁለቱም ራሳቸውን እየከሰሱ ነው። የድጓ ተማሪ ለመምህሩ "አዚሜዋለሁ እኮ" አይልም፤ እንዲህ ያለ ንግግር በዚያ ቤት የለም። መምህሩም ተማሪው ካልተከራከረ ስህተት አለበት ብሎ ያምናል። በመሐላቸው ያለውን ሽቦ የጠየቀው ሰው የለም። ለማጣራት የነበረኝ ጊዜ እስከ እሑድ ነው።

ለተማሪው መልሼ ደወልሁ። "ነገ ስታዜም ሞባይልህን ጉልበትህ ላይ አድርገህ ራስህን ቅዳ።"

"በየኔታ ላይ ማስረጃ ልይዝ?"

"በየኔታ ላይ አይደለም። በሽቦው ላይ ነው።"

ብዙ ካንገራገረ በኋላ እሺ አለ። ረቡዕ እሱ እዚያ ቀዳ፣ እኔ ወደ ቤታችን የደረሰውን ላፕቶፔ ላይ ቀዳሁ። የእሱን ቅጂ በኢንተርኔት እንዲልክ አልፈለግሁም፤ ማንም ያልነካው እንዲሆን ነው የፈለግሁት። ሜሞሪ ካርዱን ለሚኒባስ ሹፌር ሰጠው። ሐሙስ፣ የሚካኤል ዕለት ስለነበር ትምህርት የለም፤ መናኸሪያ ሄጄ ጠበቅሁ። ሹፌሩ ከተማው መግቢያ ደርሻለሁ፣ ወለቃን አልፌያለሁ ብሎ ከደወለልኝ ጀምሮ መቀመጥ አልቻልሁም። ካርዱን በወረቀት ጠቅልሎ፣ ወረቀቱን በክር አስሮ ነው ያመጣልኝ።

"ወርቅ ነው እንዴ?" አለኝ ሹፌሩ።

"ከሆነ እነግርሃለሁ።"

እዚያው መናኸሪያ ያለ ሻይ ቤት ገብቼ ላፕቶፔን ከፈትሁና ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ አደረግሁ። እኔ ድጓ አልተማርሁም። ግን ከአባቴ ጉባኤ አጠገብ ነው ያደግሁት፤ ርክርክ ከሌላው ምልክት ለይቼ አውቃለሁ። መጀመሪያ ወደ ቤታችን የደረሰውን ሰማሁ። ድምፁ ርክርኩ ላይ ሲደርስ ለስለስ ይልና ቀጥ ብሎ ያልፋል። ከዚያ ካርዱን ሰማሁ። ያው ሰው፣ ያው መስመር፣ ያው ትንፋሽ። ርክርኩ አለ። እየተንቀጠቀጠ፣ ሳይሰበር፣ እስከ ታች ይወርዳል። ያን መስመር ስድስት ጊዜ አዚሞታል። በካርዱ ላይ ስድስቱም አሉ። ርክርኩ ወደ እኛ ቤት የደረሰው የመጨረሻውን ጊዜ ብቻ ነው። ሻይ አቅራቢዋ ቆማ እያየችኝ ነበር፤ ለካ ጮክ ብዬ "አለ!" ብያለሁ።

ለአባቴ ወዲያው አልነገርኋቸውም። ርክርኩ እንዳለ አረጋግጫለሁ፤ ምን እንደበላው ግን አላረጋገጥሁም። ደብተሬን ገልጬ የተቋረጠባቸውን ሰዓቶች አየሁ። አራት ከአምስት፣ አራት ከሰባት፣ አራት ከስምንት፣ አራት ከስድስት። ከአራት ሰዓት በፊት የተቋረጠበት ቀን የለም፤ ከአራት ተኩል በኋላም የለም። ለሻጩ ደውዬ አነበብሁለት።

"ቤት ውስጥ ሌላ ስልክ አለ" አለ ሳይጨርስልኝ። "ስፕሊተር የሌለው። ዝም ብሎም መስመሩን ያቆሽሸዋል፣ ከድምፁ ጥቃቅኑን ይበላል፤ ሲነሳ ጨርሶ ይጥለዋል።"

"የለም አልሁህ እኮ።"

"አይተሻል?"

አላየሁም ነበር።

ዓርብ አራት ሰዓት ላይ አባቴን ከሞደሙ አጠገብ አስቀምጬ፣ "መብራቷ ስትርገበገብ ጥሩኝ" አልኋቸውና ወደ ውጭ ወጣሁ። ሽቦውን ከምሰሶው ጀምሬ በዓይኔ ተከተልሁት። ከምሰሶው ወደ ጣሪያችን ክፈፍ ይመጣል፣ ክፈፉ ሥር አንድ ትንሽ ሳጥን ውስጥ ይገባል። ከሳጥኑ የሚወጡት ግን ሁለት ናቸው። ነጩ ወደ ሳሎናችን ይገባል። ሌላው፣ ፀሐይ አሻክሮት የነጣው ጥቁር ሽቦ፣ በወይራው መሐል አልፎ፣ ግንቡን ተሻግሮ ወደ ጎረቤታችን እማሆይ ቤት ይሄዳል። ዕድሜዬን በሙሉ በሥሩ ተመላልሻለሁ።

"ሄደ!" አሉ አባቴ ከውስጥ።

አራት ሰዓት ከስድስት። እየሮጥሁ በእማሆይ በር ገባሁ። ቆባቸውን እንዳደረጉ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ጭናቸው ላይ ቁጥሩ በጣት የሚሽከረከር ጥቁር ስልክ አለ።

"ግቢ ልጄ፣ ከእህቴ ጋር ነኝ" አሉኝና ወደ ስልኩ ተመለሱ። "አዎ፣ የየኔታ ልጅ ናት። እንዴት እንደሮጠች ብታያት!"

እስኪጨርሱ ቆሜ ጠበቅሁ። በአራት ሰዓት ከሃያ አንድ ዘጉት።

"እማሆይ፣ ይህ ስልክ የማን መስመር ነው?"

"የናንተ ነዋ። መስመሩ የየኔታ፣ ስልኩ የኔ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ኧረ አንቺ ገና ስትድሂ! በሰፈሩ ስልክ ያላችሁ እናንተ ብቻ ነበራችሁ። ባለቤቴ ሲታመም፣ የኔታ ሌሊት ሌሊት በር ከምታንኳኪ ብለው ሽቦውን በግንቡ ላይ አሻገሩልኝ። አዘዞ ያለችው እህቴ በየቀኑ ካልሰማችኝ ሞታለች ትላለች። ሞባይሉን ዓይኔ አያየውም፤ ይህን ግን ጣቴ ያውቀዋል።" ከዚያ ፊታቸው ጠየም አለ። "ምነው? አጥፍቻለሁ?"

"ኧረ አላጠፉም።"

"እኔስ ሰሞኑን ግራ ገብቶኛል" አሉ። "ስልኩን ሳነሳ ዝናብ ይሰማኛል። ሽ... ይላል። እህቴን ዘነበ ወይ እላታለሁ፣ ፀሐይ ነው ትለኛለች። በየቀኑ ተጨቃጨቅን።"

ስልኩን ጆሮዬ ላይ አደረግሁት። ይዘንባል። የሚሰሙት የኛን ኢንተርኔት ነበር።

ወደ ቤት ተመልሼ፣ "አባ፣ እማሆይ ቤት በኛ መስመር ላይ ስልክ አለ" አልኋቸው።

"አለ እንጂ።"

"ለምን አልነገሩኝም?"

"ጠየቅሽኝ?"

አልጠየቅሁም። ሻጩ ሲጠይቀኝ ማንንም ሳላማክር አንድ ያልሁት እኔ ነኝ።

ከዚያ ካርዱን ላፕቶፑ ውስጥ አስገብቼ ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ አደረግሁላቸው። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጣታቸው በአየር ላይ ምልክቶቹን እየጻፈ ተከተለ፤ ርክርኩ ላይ ሲደርስ አብሮ ተንቀጠቀጠ። "ድገሚው" አሉኝ። ደገምሁት። ማዳመጫውን አወለቁና ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

"ስንት ጊዜ አስደገምሁት?"

"ረቡዕ ስድስት ጊዜ።"

"አንድም ቀን 'አላዜምሁም እንዴ?' አላለኝም" አሉ።

ለሻጩ ደወልሁ። "አገኘሽው?" አለ እየሳቀ። "በቃ ያን ሽቦ ቁረጪው፣ ይገላገላል።" አባቴ ድምፁን ሰምተው ነበር። "እማሆይን ማነው የሚቆርጥ!" አሉ፤ ሻጩም ሰማቸው። "እንግዲያ ሁለተኛ ስፕሊተር ነው" አለ። የእማሆይ ስልክ ግን ሽቦው ግድግዳ ላይ በብሎን የታሰረ የድሮ ዓይነት ነው፤ የሚነቀል ጫፍ የለውም። ዝም ብሎ የሚሰካ ነገር አልነበረም።

ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ላይ ሻጩ ሱቁን ዘግቶ፣ ብሎን መፍቻና ሁለት ስፕሊተር ይዞ በባጃጅ መጣ። አንዱ ቢበላሽ ብሎ ነው ሁለት የያዘው። እማሆይ በር ላይ ተቀበሉት።

"ስልኬን ልትወስደው ነው አያ?"

"አያ የሚሉኝ ስንት ዓመቴ ነው እማሆይ? አልወስደውም፣ ላጠራው ነው።"

የጥቁሩን ስልክ ቁጥር አንዴ በጣቱ አሽከረከረውና ሲመለስ የሚያሰማውን ድምፅ ቆሞ ሰማ። "ይኼ እንዴት እስከ ዛሬ ይሠራል?" አለኝ። ግድግዳው ላይ ብሎኖቹን ፈታ፣ ስፕሊተሯን መሐል አስገባ፣ አሰረ። እማሆይ ስልኩን አንስተው ጆሯቸው ላይ ያዙት።

"አባራ" አሉ።

ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ተማሪው ደወለ። ዓይኑ ቀልቷል። ሊሰግድ ብድግ ሲል አባቴ፣ "ተቀመጥ" አሉት። ተቀመጠ።

"የረቡዑ ርክርክ ደርሶኛል" አሉት።

ተማሪው አልገባውም፤ ወደ እኔ አየ። ራሴን ነቀነቅሁለት።

"ስድስቱም ደርሰውኛል" አሉ አባቴ። "ከዚያ ቀጥል።"

ባዶው ወንበር እንደገና ብቻውን ቀረ። በዚህ ጊዜ አባቴ ተነስ በይው አላሉኝም፤ እስኪነሳ ጠበቁ። ከዚያ ጀመረ። ርክርኩ ላይ ሲደርስ ትንፋሼን ያዝሁ፤ ሻጩ በሩ ላይ ቆሞ ምን እንደሚጠበቅ ሳያውቅ እሱም ያዘ። ወረደ። ሙሉውን ወረደ። የአባቴ ጣት አልተነሳም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተማሪው ለደብሩ ሰዎች ትምህርቱን እንደሚቀጥል ነገራቸው። ይህን ራሱ ደውሎ ነገረኝ፤ ከስብሰባው ሰዎችም አንዱን ጠይቄ አረጋግጫለሁ።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 23 ቀን፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከአሥራ አንድ ደቂቃ ላይ አባቴ መጽሐፉን ዘግተው "ጨርሷል" አሉ። እማሆይ በዚያ ሰዓት ከእህታቸው ጋር በስልክ እያወሩ ነበር። የመስመሩ መብራት እንደረጋች ነበረች።